ማስታወቂያ ማገጃ፦ በነጻው ልቆይ ወይስ ልክፈል?

ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ፒያሳ ሱቅ አለኝ። ማስታወቂያ ዳታዬን እየበላ ቢያስመርረኝ አንድሮይድ ስልኬ ላይ ነጻ ማገጃ አፕ ጫንኩ። ዩቲዩብ ላይ አይሠራም፤ እሱን ተውኩት፣ ማስታወቂያውም ቪዲዮውም ከአንድ ቦታ ስለሚመጣ በዲኤንኤስ (የድረ ገጹን ስም አይቶ በማገድ) አይለይም።

የቸገረኝ ሌላ ነው። አፑ በቪፒኤን መልክ (የስልኩን ኢንተርኔት በራሱ በኩል እያሳለፈ) ስለሚሠራ የባንኬ አፕ አልከፈትም ይላል። ደንበኛ «ልኬልሃለሁ፣ እየው እንጂ» ብሎ ቆሞ እኔ ማገጃ ሳጠፋ፣ ሳበራ! አንድን አፕ ለይቶ የማሳለፊያው ምርጫ ያለው የሚከፈልበት ላይ ብቻ ነው፤ ክፍያው ደግሞ በዶላር ካርድ። ከየት አባቴ ላምጣው?

ለሠሪዎቹ «ይህንን በነጻው ጨምሩልን» ብዬ ብጽፍ የሚሰማኝ አለ? ወይስ ፋየርፎክስ ብሮውዘር ላይ ዩብሎክ ኦሪጂን የሚባለውን ማገጃ ጭኜ አፑን ልሰናበተው? ፕራይቬት ዲኤንኤስ (ያለ አፕ ስልኩ ሴቲንግ ውስጥ የሚሞላውን) የምትጠቀሙስ፣ ከባንክ አፕ ጋር ተስማማላችሁ? የሞከረ ሰው እባካችሁ ይንገረኝ።