ለድንገተኛ ነገር በየቀኑ ምን ይያዝ? (ድሬ)

የከዚራ ሰራተኛ፦
አቦ ሰላም ናችሁ፣ ስራዬ ከዚራ ነው ቤቴ ደግሞ መጋላ። ባለፈው ማታ መብራት ጠፋ ስልኬም ዘጋ፣ ባለቤቴ ልጆቹን ይዛ ደጅ ቆማ ስትጠብቀኝ አመሸች፣ የሰው ስልክ ለምኜ እንኳን እንዳልደውል ቁጥሯን በቃሌ አላውቀውም። በጣም ነው የተሰማኝ። ከዛ ወዲህ ሁሌ አብሮኝ የሚሆን ነገር ላዘጋጅ ብዬ ዩቲዩብ ሳይ ፈረንጆቹ የሚይዙት ቢላ፣ ገመድ፣ እሳት መለኮሻ፣ የጫካ እቃ ነው የበዛው። ለኛ ከተማ የሚሆነው የቱ ነው? ታይዋን ገበያ ወርጄ ብሬን ከማባክን ብዬ ነው።

የደቻቱ ዳር ልጅ፦
ወንድሜ ሐምሌ 1998 ከዚራና መጋላን የሚለየው የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ሲመጣ ልጅ ነበርኩ። ሌሊት ነው የመጣው፣ ዝናቡ የጣለው ላይ ደጋው ላይ ነው ጎርፉ ግን እኛ ጋ ደረሰ፣ ከ250 ሰው በላይ አለቀ። እኔ የማልረሳው ጨለማውን ነው፣ ሰው ይጮሃል ግን ከየት እንደሚጮህ አይታወቅም። ለዛ ነው እስከዛሬ ቁልፌ ላይ ትንሽዬ የእጅ ባትሪና ፊሽካ የማይለየኝ። ጩኸት ቶሎ ድምፅህን ይዘጋዋል፣ ፊሽካ ግን ትንፋሽ እስካለህ ይሰማል፣ ሶስቴ ነፍተህ አረፍ ትላለህ ደግሞ ሶስቴ፣ የድረሱልኝ ምልክት ነው። ምንም ብትይዝ ግን ደቻቱ ውሃ ከያዘ በእግርም በባጃጅም እንዳትገባበት። የሚሮጥ ውሃ 15 ሳንቲ ሜትር ብቻ ሆኖ ትልቅ ሰው ይጥላል፣ 30 ከደረሰ ትንሽ መኪና ያንሳፍፋል። እዚህ ሰማዩ ጥርት ብሎ ወደ ደንገጎ ተራራ ከጠቆረ እዛው ከዚራ ዘመድ ጋ እደር፣ ቤትህ ነገ ትደርሳለህ።

ነርስ ነኝ፦
ቢላውን ተወው፣ መግቢያ ላይ በተፈተሽክ ቁጥር ጣጣ ነው፣ ትንሽ መቀስ ይበቃሃል። ጎዝ፣ ፋሻ፣ ፕላስተር፣ አንድ ሁለት ኦአርኤስ (በውሃ የሚበጠበጠው የተቅማጥ ዱቄት) ያዝ፣ በዚህ ሙቀት ተቅማጥ ከያዘህ ቶሎ ነው የምትደርቀው። አንዱን ፓኬት በአንድ ሊትር ንፁህ ውሃ ነው የምትበጠብጠው፣ ግማሹን በብርጭቆ እንዳታደርገው። ሰው ከደማ ጎዙን ቁስሉ ላይ ጫን አርገህ 10 ደቂቃ ሳትገልጥ ያዝ፣ ሁሉም ሰው ቆመ አልቆመ ብሎ እየገለጠ ነው የሚያበላሸው። ቱርኒኬት (ደም ለማቆም እጅ ወይ እግር ላይ የሚጠብቅ ማሰሪያ) ሳትሰለጥን አትግዛ። የምትወስደው መድሃኒት ካለ የሁለት ቀን ቦርሳህ ውስጥ ይኑር። የባለቤትህንም ቁጥር፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስንም 907 ወረቀት ላይ ፅፈህ በላስቲክ ጠቅልለው፣ ላብ ያጠፋዋል።

ሞባይል ጥገና፦
ፓወር ባንክ 10,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት (mAh) ይበቃሃል፣ ወደ ስልክህ የሚገባው ከዛ ውስጥ 6,000 ምናምን ነው ቀሪው እዛው ይባክናል፣ እና የስልክህን ባትሪ አይተህ አስላው። ትክክለኛው 200 ግራም አካባቢ ይመዝናል፣ 30,000 ተብሎ ተፅፎበት እጅህ ላይ ከቀለለ ተጭበርብረሃል። ባጃጅ ፊት ለፊት ፀሀይ ላይ ትተኸው አትውረድ፣ ያበጠ ካየህ ደግሞ ዳግም ቻርጅ እንዳታረገው፣ ይነዳል።

የከዚራ ሰራተኛ፦
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ቁጥሩን አሁኑኑ ፃፍኩት፣ ለልጆቹም ቦርሳቸው ውስጥ ከተትኩላቸው። ፊሽካው ግን የት ይገኛል?

የደቻቱ ዳር ልጅ፦
የስፖርት እቃ የሚሸጡት ጋ ጠይቅ፣ የላስቲኩን ውሰድ። ለልጆቹም ግዛላቸው።