እማዬ በፎልሰም ፌስቲቫል ቀን ትገባለች፤ ቤት እንዴት ላድርሳት?

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ሳን ፍራንሲስኮ፣ ፎልሰምና 9ኛ መንገድ አጠገብ ነው። እማዬ ከአዲስ አበባ በዋሽንግተን አድርጋ እሁድ ሴፕቴምበር 27 ትገባለች፤ ልክ በመስቀል ቀን። አውሮፕላኑ የሚያርፈው በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። ያን ቀን ደግሞ የፎልሰም ጎዳና ፌስቲቫል አለ። ለማታውቁት፣ የቆዳ ልብስና የኪንክ (ከተለመደው ወጣ ያለ የወሲብ ስሜት) ወዳጆች በየዓመቱ በሴፕቴምበር የመጨረሻ እሁድ የሚያከብሩት ነው። ሰንሰለት ያሰረ አለ፣ አንገቱ ላይ ማሰሪያ አድርጎ ጓደኛው የሚመራው አለ፣ ራቁቱን የሚሄድም አለ። እማዬ ጉልበቷን ያማታል፤ ሁለት ትልልቅ ሻንጣም ይዛለች። መኪና እስከ የት ይደርሳል? ለእሷስ ምን ብዬ ልንገራት?

መልስ፦ የታክሲ ሹፌር
እንኳን ደስ አለሽ እህቴ! ፎልሰም ከ8ኛ እስከ 13ኛ መንገድ ይዘጋል። የሚያቋርጡት መንገዶችም እዚያ ጋ ይዘጋሉ። ፌስቲቫሉ ከረፋዱ 5 እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ነው፤ ግን 12 ሲሆን መንገዱ ወዲያው አይከፈትም፣ ድንኳን ማፍረስና ጠረጋ አለ። የታክሲ መጥሪያው አፕ ላይ የቤትሽን አድራሻ አትጻፊ፣ ሹፌሩ ሲዞር ይውላል። ሆዋርድና 9ኛ በይ፤ ከዚያ ቤትሽ አንድ ብሎክ ነው። ከተማው የመንገድ መዝጊያ ካርታ ቀደም ብሎ ያወጣል፣ እሱንም እዪው። የራስሽ መኪና ካለች ቅዳሜ ከፎልሰም አውጪያት። ማቆም ክልክል የሚል ወረቀት ይለጠፋል፤ ከዚያ በኋላ ያገኟትን ይጎትቷታል።

መልስ፦ ከኦክላንድ
እኔ ብሆን ጭራሽ ወደዚያ አልወስዳትም። እናት ናት፣ ነውር ነው። መስቀል አይደለም እንዴ? ቴሌግራፍ ጎዳና ላይ የሐበሻ ምግብ ቤት ሞልቷል። እዚህ አምጪያት፣ ትብላ፣ ቡና ትጠጣ፤ ማታ 3 ሰዓት ላይ ትመልሻታለሽ።

መልስ፦ የሰፈሩ ነዋሪ
ከ20 ሰዓት በላይ ተጉዛ እግሯ ያበጠ ሰው ድልድይ ተሻግራ ኦክላንድ፣ እንደገና ተመልሳ? እባክሽ አታድርጊው። አልጋ ነው የሚያስፈልጋት።

ነውር ለተባለው አንድ ነገር ልበል። ይህን ፌስቲቫል በ1984 የጀመሩት ካትሊን ኮኔልና ማይክል ቫሌሪዮ የሰፈሩ ሰዎች ነበሩ፤ ለደሃ ተከራዮች የሚሟገቱ። ያኔ ከተማው ሰፈሩን አፍርሶ ሊያለማ ነበር። ኤድስም የቆዳ ልብስ ወዳጆች የሚሰበሰቡባቸውን መጠጥ ቤቶች ደንበኞች እየጨረሰ ነበር። እነዚህ ሰዎች አደባባይ የወጡት እዚህ አለን፣ ሰፈሩ ባዶ አይደለም ለማለት ነው። ዛሬም መግቢያው ነፃ ነው፤ በር ላይ የሚሰበሰበው መዋጮ ለበጎ አድራጎት ይሄዳል። የምንኖርበት ሰፈር ታሪክ ይኼ ነው። መውደድ ግዴታ አይደለም፤ እንግዳ የሆንነው ግን እኛ ነን።

ለማለፍ፣ አድራሻሽ ያለበት መታወቂያ ወይም የመብራት ቢል ያዢ። በር ላይ ላሉት “ነዋሪ ነኝ፣ እናቴ ደክሟታል” በያቸው። ሰዎቹ በጣም ጨዋ ናቸው።

መልስ፦ በበጎ ፈቃድ የሠራች
እውነት ነው። እዚያ ትልቁ ሕግ ፈቃድ ነው። ሰው ምንም ቢለብስ፣ ባይለብስም፣ ሳይጠየቅ አይነካም። ፎቶም እንደዚያው። ስለዚህ እማዬን ማንም አይነካትም፤ አንቺም ለቤተሰብ ግሩፕ ብለሽ ቪዲዮ አትቅረጪ።

የምትነግሪያት ግን አሁን፣ በስልክ ነው። መኪና ውስጥ አይሆንም። “እማ፣ የምትገቢ ቀን ሰፈራችን ክብረ በዓል አለ፤ ራቁቱን የሚሄድ ሰው ልታዪ ትችያለሽ፤ እጄን ይዘሽ ቀጥ ብለን ቤት እንገባለን” በያት። እናቶቻችን ብዙ አይተዋል። የሚያስቀይማቸው ሳይነገራቸው ሲቀር ነው።

ጠያቂዋ
እግዜር ይስጥልኝ! ዛሬ ማታ እደውልላታለሁ። ሆዋርድ ላይ እንወርዳለን። አንድ የቀረኝ፣ ሻንጣውን ማን ይይዝልኛል?

የታክሲ ሹፌር
የሚያግዝሽ ሰው 10 ሰዓት ላይ ሆዋርድ ይጠብቅሽ። ኢሚግሬሽኑን ዋሽንግተን ስለምትጨርስ እዚህ ሻንጣ መጠበቅ ብቻ ነው፤ ቶሎ ትወጣለች። እንደውም 10 ሰዓት ተኩል በይው፣ ያን ቀን ትራፊኩ ከባድ ነው። ዊልቸር ደግሞ ከአሁኑ አየር መንገዱን ጠይቂ፤ ዋሽንግተን ላይ ስትቀይርም እንዲኖራት አስመዝግቢ።