ከረባቴን አውልቄ ወስፌ ያዝኩ፤ ደስ ብሎኛል። ግን «አንተ!» እያለ የሚያመናጭቀኝን ሰው ምን ላድርገው?

ባለወስፌው

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ረዘም ይላል፣ ይቅርታ። ዝናቡ እየወረደ ስለሆነ ሰው የለም፤ ሱቄ ውስጥ ቁጭ ብዬ ነው የምጽፈው።

ጫማ ሰፊ ነኝ። ቱሉ ዲምቱ፣ ታክሲ ተራው አጠገብ ግማሽ አርከበ ሱቅ ተከራይቻለሁ። በሌላኛው ግማሽ የሞባይል ካርድና ሶፍት ይሸጥበታል። ሶል እሰፋለሁ፣ ታኮ እቀይራለሁ፣ የተማሪ ቦርሳ ማንገቻ እጠግናለሁ። ጠዋት ጠዋት ሰው ከተገኘ ጫማም እጠርጋለሁ።

ከዚህ በፊት ባንክ ነበርኩ። አራት ዓመት። አካውንቲንግ ተመርቄ ለገሐር አካባቢ አንድ ቅርንጫፍ ውስጥ ካውንተር ላይ እሠራ ነበር። ሌሊት 11 ሰዓት ተነስቼ ታክሲ ሰልፍ፣ ማታ 2 ሰዓት ቤት። ልጄ ተኝታ ትቼያት እወጣለሁ፣ ተኝታ አገኛታለሁ። እሑድ ሲሆን እንደ እንግዳ ታፍረኝ ነበር። ከሁሉም የባሰው ግን «ዲፖዚት አምጣ፣ አካውንት አስከፍት» የሚሉት ነገር ነው። የማውቀውን ሰው ሁሉ አስከፍቼ ጨረስኩ። አንድ ቀን ለቅሶ ቤት ንፍሮ እየቆረጠምኩ አጠገቤ ያሉትን አዛውንት «አካውንት አለዎት?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ያን ቀን ራሴን ታዘብኩት።

ልጅ እያለሁ ሊስትሮ ነበርኩ። ደብተርና ዩኒፎርሜን የገዛሁት በብሩሽ ነው። መስፋቱን ያስተማሩኝ ሳሪስ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ናቸው። እጄ አልረሳውም ነበር። ከባለቤቴ ጋር ስድስት ወር ተማክረን፣ ትንሽ አጠራቅመን ለቀቅኩ።

የሰፈራችንን አፈር የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ዋልካ ነው። ክረምት ላይ ጫማ ከእግር ይነጥቃል። ሶሉ ከፊት ለቆ አፉን ይከፍትና እየተንጠለጠለ ይመጣል። ጭቃውን በቢላ እፍቃለሁ፣ አደርቀዋለሁ፣ የድሮውን ማስቲሽ በብርጭቆ ወረቀት አነሳለሁ። ከዚያ አዲሱን ማስቲሽ ሁለቱም ፊት ላይ ቀብቼ እጠብቃለሁ። ሰው የማይገባው ይቺ መጠበቅ ናት። እርጥቡን ካጣበቅከው በሳምንቱ ተመልሶ ይለቃል። በጣት ሲነካ የማይዝ እስኪሆን መተው አለበት። ከዚያ መዶሻ፣ ከዚያ ክሩን በሰም አሽቼ ዙሪያውን በወስፌ። የመጨረሻዋን ቋጠሮ ስቆርጥ የሚሰማኝን ነገር ባንክ ቤት አንድም ቀን አላገኘሁትም። ልጄን ከኬጂ የማመጣት እኔ ነኝ። ምሳ ቤቴ እበላለሁ።

እናቴ ብቻ አልተቀበለችውም። ለዕድርተኛ «ልጄ የቆዳ ውጤቶች ድርጅት ከፍቷል» ነው የምትለው። እሱን እንኳ እየሳቅኩ አልፈዋለሁ።

ችግሬ ደንበኛ ነው። ሁሉም አይደለም፤ ከአሥር አንዱ። ግን እሱ አንዱ ከእኔ ጋር ቤት ይገባል።

ያለፈው ማክሰኞ አንድ ሰውዬ ሶሉ ለቆበት መጣ። 200 ብር ተስማማን። ማስቲሹን ቀብቼ አስቀመጥኩት። «ምን ትጠብቃለህ አንተ?» አለኝ። 15 ደቂቃ ይድረቅ አልኩት። «ማስቲሽ ለማድረቅም ዲግሪ ያስፈልጋል እንዴ!» አለ ጮክ ብሎ። ታክሲ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ሳቀ። ሲያልቅ መቶ ብር ወርውሮልኝ «ይበቃሃል» ብሎ ሄደ።

ሰውየውን አውቀዋለሁ። ባንክ እያለሁ ደንበኛዬ ነበር። መስኮቴ ጋ እየመጣ «እርስዎ ካላስተናገዱኝ አይሆንልኝም» ይለኝ ነበር። እርስዎ! በልጁ ዕድሜ ነኝ። አሁን ሁለት ክንድ ርቀት ላይ ሆኖ አላወቀኝም።

«እርስዎ» እየተባልኩ እንቅልፍ አጥቼ ነበር። «አንተ» እየተባልኩ ደህና እተኛለሁ፤ እንደዚህ ያለ ሰው ካልመጣ በቀር። ማክሰኞ ማታ ባለቤቴ ሦስት ጊዜ «ምን ሆንክ?» አለችኝ። ሰው ፊት የምትሠሩ፣ ይሄን ነገር እንዴት ነው ቤት ይዛችሁ የማትገቡት?

ካውንተር 4

ወንድም፣ ልናደድብህ ነው። እኔ አሁንም ባንክ ነኝ። እርስዎ የሚልህን ብቻ አስታወስክ። «ሲስተም የለም» ስትለው እናትህን የሚጨምርልህን ረሳኸው? ብድር ያልተፈቀደለት ነጋዴ ካውንተሩን በቡጢ ሲመታ አላየህም? ስድብ እዚህም አለ፤ ልዩነቱ እዚህ ከረባት አድርገህ ነው የምትሰደበው።

ደግሞ ደስታ ደስታ ትላለህ። ጡረታህስ? ከደመወዝህ 7 ከመቶ አንተ፣ 11 ከመቶ አሠሪህ ይከፍሉልህ ነበር። አሁን ማን ነው የሚከፍልልህ? 60 ዓመት ሲሞላህ ዐይንህ ክር መርፌ ውስጥ ማስገባት ያቅተዋል። ልጅህ ከኬጂ ወጥታ አንደኛ ክፍል ስትገባ የትምህርት ቤት ክፍያውን ያኔ እናወራለን። ክፉ ሆኜ አይደለም፤ ማንም አይነግርህም ብዬ ነው።

ባለወስፌው

እውነት ነው፣ «ሲስተም የለም»ን ረስቼው ነበር። አስቀኸኛል።

የጡረታው ነገር ያሳስበኛል፤ አልዋሽህም። በየሳምንቱ ዓርብ ዕቁብ እጥላለሁ፣ ከዚያ ውጪ ምንም የለኝም። ግን አንድ ነገር ልንገርህ። በክረምት በወር የማገኘው ድሮ እጄ ላይ ይደርስ ከነበረው ደመወዝ ብዙ አይርቅም፤ ያውም ሁለት ታክሲ ሳልከፍልና ውጪ ምሳ ሳልበላ። በጋ ላይ ግን ይወርዳል፤ ዋልካው ሲደርቅ ሶልም አይለቅም። ሰው ሁሉ ዝናብ እንዲያቆም ሲጸልይ እኔ ዝም የምለው ለዚህ ነው።

የኮዬዋ ባለጀበና

ወንድሜ በርታልኝ! ጎረቤት ነን እኮ፣ እኔ ኮዬ ፈጬ ነኝ። ፎቅ ሥር የጀበና ቡና አፈላለሁ። ዲግሪ የለኝም፤ ዓረብ አገር ሰባት ዓመት ሠርቼ ነው የመጣሁት። እዚያ ያየሁትን ስድብ ብነግርህ ያንተ ሰውዬ መልአክ ይመስልሃል። ግን ያንተን አላቃልለውም፤ የአገር ሰው ሲሰድብ በራስህ ቋንቋ ስለሆነ ሁሉም ይገባሃል።

እኔ ጋ በፉጨት የሚጠራኝ አለ። ስኒ እያንኳኳ የሚያዝም አለ። አቦሉን ጠጥቶ፣ ቶናውን ጠጥቶ፣ «ቡናሽ ቀጭን ነው፣ አልከፍልም» የሚልም አለ። እኔ የምመልሰው በማራገቢያ ነው። ነገር ሲመጣ ማራገቢያዬን አንስቼ ከሰሉን አራግባለሁ። አመዱ ይነሳል፣ ሰውየው ዐይኑን ይሸፍናል፣ እኔም ፊቴን ለማዞር ምክንያት አገኛለሁ። አንተ መዶሻ አለህ አይደል? ቀጥቅጥበት። ጫማውን ማለቴ ነው።

ሒሳብ ደግሞ በፊት ተቀበል። መርካቶ አይደለህም፣ ሱቅህ ትንሽ ናት፤ «አዲስ አሠራር ነው» በላቸው። ቴሌብር ከሆነ ደግሞ ስክሪን ሾት አትመን፣ መልዕክቱ ያንተ ስልክ ላይ ሳይገባ ጫማ አትልቀቅ። እኔ ሦስት ጊዜ ተበልቻለሁ።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሰውየው ማስቲሹ እስኪደርቅ የት ነበር? ወንበር አለህ? እግሩስ ምን ላይ ነበር? አንድ እግሩን በካልሲ አድርጎ ሰው ፊት የቆመ ሰው፣ ያውም ሽማግሌ፣ ያውም የከበረ፣ ሲያፍር ይጮሃል። የኔ አባት እንደዛ ነበር። ካልሲው ተቀዶ እንደሆነስ?

የሽሮ ሜዳው

ልጄ፣ እንደምን አለህ። እኔ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። የሸማኔ ልጅ ነኝ፤ ሽሮ ሜዳ ነው ያደግሁት። አሁን ልጆቼ ለገጣፎ አምጥተውኛል።

አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. አዋጅ አስነግረው ነበር። ብረት የሚሠራውን ጠይብ፣ ሸማ የሚሠራውን ሸማኔ፣ የሚጽፈውን ጠንቋይ እያላችሁ አትስደቡ የሚል። ገበሬውንና ነጋዴውንም ይጨምራል። እስቲ አስበው፤ ንጉሥ አዋጅ እስኪያስነግር ድረስ ነበር ስድቡ። አዋጁም ወጥቶ፣ ከዚያ በኋላ ከሃምሳ ዓመት በላይ ቆይቶ እኔ ትምህርት ቤት «የሸማኔ ልጅ» እየተባልኩ ተደብድቤአለሁ። የሚደበድበኝ ልጅ ጥምቀት ላይ የለበሰው ግን አባቴ የሠራውን ጥበብ ነበር።

አባቴ የሚሰድበው ደንበኛ ሲመጣ መወርወሪያውን አያቆምም ነበር። ቀና ብሎ ያየዋል፣ ከዚያ ሥራውን ይቀጥላል። ልጅ ሆኜ ፈሪ ይመስለኝ ነበር። ኋላ ስጠይቀው «ክሩ ይበጠስብኛል» አለኝ። ይኸው ነው መልሱ። ሌላ ትልቅ ነገር ጠብቄ ነበር።

«አንተ» ስላልከው ደግሞ፣ እኔም አሁን አንተ እያልኩህ ነው። ቅር አለህ?

ባለወስፌው

ኧረ አባቴ! እርስዎማ አንተ ቢሉኝ ደስ ነው የሚለኝ። ሳሪስ ያሉት አስተማሪዬም «አንተ ድንጋይ፣ ክሩን ሳብ!» ነበር የሚሉኝ፤ አንድም ቀን አላመመኝም። «ክሩ ይበጠስብኛል»ን ግን ለባለቤቴ አነበብኩላት፤ ከትናንት ጀምሮ ቤት ውስጥ ለሁሉ ነገር ይቺን ነው የምትመልስልኝ።

የኮዬዋ፣ አንቺ ደግሞ ጠንቋይ ነሽ እንዴ? (ይቅርታ አባቴ፣ አዋጁን ጣስኩ።) ትዝ ሲለኝ ሰውየው ካልሲው አውራ ጣቱ ላይ ተቀዶ ነበር። አንዱን እግሩን በሌላኛው ላይ ደርቦ፣ የሱቄን ቆርቆሮ ተደግፎ ነው የቆመው። ወንበር የለኝም፤ ያለችው ዱካ እኔ የምቀመጥባት ናት። አላሰብኩትም ነበር። ያም ሆኖ መቶ ብሬን በልቶኛል፤ እሱን በካልሲ አላልፍለትም።

እግረኛ

እኔ የምጽፈው በሌላ ወገን ሆኜ ነው። ስድቡን የምሰድበው እኔ ነኝ። ያንተ ሰውዬ አይደለሁም፣ ገላን ነው የምኖረው፣ ግን እሱን እመስላለሁ።

ባለፈው ክረምት ለቃለ መጠይቅ እየሄድኩ ታኮዬ ተነቀለ። መንገድ ላይ አንድ ልጅ አገኘሁ። «እህቴ ትንሽ ታገሺኝ» ሲለኝ ጮህኩበት። «እንዳንተ ቀኑን ሙሉ እዚህ የምውል መሰለህ?» አልኩት። ልጁ ምንም አላለም፣ ሠራልኝ። ሥራውን አላገኘሁትም። ታኮው ግን እስከ ዛሬ አልተነቀለም። በዚያ በኩል ሳልፍ መንገድ እቀይራለሁ።

ይቅርታ ልጠይቀው ብዬ ሁለቴ ሄጄ ተመልሻለሁ። የሚያሳፍረኝ ነገር፣ ስሙን አላውቅም። «አንተ» ብዬ ልጠራው ነው?

የኮዬዋ ባለጀበና

እህቴ፣ ሌላ የተሰበረ ጫማ ይዘሽ ሂጂ። እሱ ይገባዋል።

ካውንተር 4

እኔም አንድ ሶሉ የለቀቀ ጫማ አለኝ። ቱሉ ዲምቱ ሩቅ ባይሆን አመጣልህ ነበር። (ጡረታውን አልረሳሁትም።)

ባለወስፌው

ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ። ሰውየው ትናንት መጣ። የልጅ ልጁን ቦርሳ ይዞ፤ ዚፑ ተበላሽቶ። አሁንም አላወቀኝም፣ እኔም አልነገርኩትም። «ሒሳብ በቅድሚያ ነው፣ አዲስ አሠራር ነው» ስለው አጉረመረመ። «ደግሞ ካለፈው መቶ ብር ይቀርዎታል» አልኩት። ድምፄ ትንሽ ተንቀጥቅጧል። ዝም ብሎ አየኝ። ከዚያ የቦርሳውን ከፈለ። የመቶ ብሩን ነገር እንዳልሰማ ሆነ። ማታ ባለቤቴ አንዴ ብቻ ነው «ምን ሆንክ?» ያለችኝ።

ሌላው፣ ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ዱካና ሁለት ጥንድ ነጠላ ጫማ ገዝቻለሁ። ጫማውን አውልቆ የሰጠኝ ሰው ነጠላውን አድርጎ ይቀመጣል። ጩኸቱ በእውነት ቀንሷል። አንዳንዱ እንዲያውም ማስቲሹ ደርቆ፣ ተሰፍቶ፣ አልቆ «ቆይ ወሬዬን ልጨርስ» ይለኛል።

ከትናንት በስቲያ ግን አንዱ ታክሲ ሲመጣ ደንግጦ ነጠላዬን እንዳደረገ ሮጦ ገባ። ጫማው እኔ ጋ ነው። ቀለምም ቀብቼለታለሁ። ይመጣል።