የእትዬ ኢንጂነር መታሰቢያ፦ ሦስተኛው ረቂቅ ላይ ሐሳብ ስጡ (ተናጋሪዎቹ በሥራቸው ወይም በሚኖሩበት ቦታ ተጠርተዋል)

ጸሐፊ፦ ረቂቁ ይኸው። ዓላማው ያው ነው፦ በየዓመቱ ፖሊ (የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ) ኤሌክትሪክ ለምትገባ አንዲት ልጅ በእትዬ ስም የመሣሪያ ሣጥን። መልቲሜትር፣ እስከ 1000 ቮልት የሚችል ሽፋን ያለው ፒንሳና ካቻቢቴ፣ የሥራ ጫማ፣ ሄልሜት። ጋሼና ልጆቹ ተስማምተዋል። እስከ ዓርብ።

ሒሳብ ያዥ፦ ባንክ ያለው 240,000 ብር ነው። ዋናው ሳይነካ በ7 በመቶ ወለድ በዓመት 16,800 ይመጣል። የሣጥኑ ዋጋ በየዓመቱ ይጨምራል፣ ወለዱ ግን እዚያው ነው። ከጥቂት ዓመት በኋላ ባዶ ሣጥን ልንሸልም ነው? ዋሽንግተን ዲሲ ያሉት ቃል የገቡት 90,000ም አልገባም።

ዲሲ፦ ይገባል ተብሏል እኮ። ይልቅ ሣጥኑን ማን ያየዋል? ልጅቷ ይዛው ትሄዳለች፣ በቃ። ስሟ የሚነበብበት ነገር ይሠራ። የሰፈሯ ትምህርት ቤት ውሃ የለውም፤ ባለ 5,000 ሊትር ሮቶ እንትከልና ስሟ ይጻፍበት።

ሽምብጥ፦ እትዬ የኤሌክትሪክ ሰው እንጂ የውሃ ሰው መቼ ሆነች?

ዓባይ ማዶ፦ የውሃ ፓምፑን ሞተር ማን ነበር የሚቆጣጠረው? ቆሞ የከረመ ሞተር በሜገር፣ በሽቦ ሽፋን መለኪያው፣ ሳይለካ ማብሪያ እንዳይነካ ያዘዘችው እሷ አይደለችም? የሞተሩ የሽቦ ጥቅል እርጥበት ስቦ ልኬቱ ከ1 ሜጋኦም በታች ከወረደ፣ ሲያበሩት ሊቃጠል ይችላል። መጀመሪያ ይደርቃል፣ ከዚያ ዳግም ይለካል። ሮቶው ይሁን።

ሲቪሉ፦ ይሁን ካላችሁ መሬቱ ዋልካ መሆኑን አትርሱ። ሮቶው ሲሞላ ውሃው ብቻ 5 ቶን ነው። ዋልካ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጣል፤ ሮቶው የሚቀመጥበት ማማ በአንድ ጎን ካዘመመ ቧንቧው ከመገጣጠሚያው ይነቀላል። 1.5 ሜትር ያህል ዋልካው ወጥቶ በገረጋንቲ ይሞላ፣ በየ20 ሳንቲ ሜትሩ እየተጠቀጠቀ። በአንዴ ገልብጠው ከላይ ብቻ ከደቀደቁት የመጀመሪያው ክረምት ላይ ይሰምጣል።

ሌላው፣ ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። 6 ሜትር ማማ ላይ የሮቶው ቁመት 2 ሜትር ሲጨመር መግቢያው 8 ሜትር ላይ ይሆናል። እዚያ ለመድረስ ብቻ 0.8 ባር ያስፈልጋል፣ በመንገድ የሚጠፋው ሳይቆጠር። ግፊቱን ማን ለካው?

ቧንቧ ሠሪው፦ የግፊት መለኪያ አለኝ። ሦስት ሌሊት እለካለሁ፤ ቅዳሜ ውጤቱን እዚሁ እጽፋለሁ።

ሽምብጥ፦ አንድ ነገር። ሮቶው ጥቁር ከሆነ እኔ የለሁበትም። ተዝካሯ ወጥቷል፣ ከል አውልቀናል። ደግሞ ጥቁር እንደ ሐውልት ልናቆምባት ነው?

ሲቪሉ፦ ጥቁር የሆነው ለሐዘን አይደለም፣ ብርሃን እንዳያስገባ ነው። ብርሃን ከገባ አልጌ ያበቅላል፣ ውሃው አረንጓዴ ሆኖ ይሸታል።

ሽምብጥ፦ ነጭ ሮቶ ከተማው ሞልቶ የለም እንዴ?

ዓባይ ማዶ፦ አለ። ግን ውስጡ ጥቁር ልባድ ያለው መሆን አለበት። ከመግዛት በፊት የእጅ ባትሪ ውስጡ አብሩ፤ ብርሃኑ ከውጭ ከታየ ተዉት። በነገራችን ላይ ሽምብጥ ምክንያቱን ሳተ እንጂ ሐሳቡ ባዶ አይደለም፤ በባሕር ዳር ፀሐይ ጥቁሩ ውሃውን ያሞቀዋል፣ ክሎሪኑም ቶሎ ያልቃል።

ሽምብጥ፦ ምን ሳትኩ? ከል ከል ነው! ጥቁር ከሆነ መዋጮዬ ይመለስልኝ።

ሒሳብ ያዥ፦ ደረሰኝህን አምጣና ውሰድ። 1,500 ነው ያለህ፣ እንደ ባለ 50,000 አትቆጣ።

ሽምብጥ፦ አንተ ነህ የኔን ገንዘብ አደባባይ የምታወጣው? ሒሳቡን መቼ አስመረመርክ?

ዲሲ፦ ቀለም ቀቡትና ተገላገሉ።

ሲቪሉ፦ የሮቶ ፕላስቲክ ቀለም አይዝም። በአንድ በጋ ልጦ ይወርዳል።

ጸሐፊ፦ ተዉ እንጂ! የሟች ስም በያዘ ጉዳይ ላይ እንዲህ ይባላል? ሁለታችሁም ወደ ኋላ በሉ።

ሒሳብ ያዥ፦ ገንዘቡን መጥቀስ አልነበረብኝም፣ ሽምብጥ። ሒሳቡ ግን ክፍት ነው፣ መጥተህ እይ።

ሽምብጥ፦ እሺ። ጥላ ይሠራለት እንግዲህ፣ በቆርቆሮ። ቆርቆሮው አረንጓዴ ይሁን።

ሲቪሉ፦ ጥላ ከተጨመረ ማማውን የሚገፋው ነፋስ ይበዛል፣ ብረቱም ይወፍራል። ገንዘቡ ለሁለቱም አይበቃም። ማማው ቀርቶ 1 ሜትር የድንጋይ መደብ ላይ ይቀመጥ። ቧንቧዎቹ 80 ሳንቲ ሜትር ላይ፣ ለትንንሾቹ ሁለቱ 60 ላይ። ፍሰቱ ቀጭን ይሆናል፤ ስለዚህ ከሮቶው የሚወጣው ቧንቧ ቢያንስ 1 ኢንች ተኩል ይሁን።

ጸሐፊ፦ የግፊቱ ውጤትስ? ቅዳሜ አልፏል።

ዓባይ ማዶ፦ ስልኩ አይነሳም።

ዲሲ፦ የሚጻፈውን እንወስን። «የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሴት ኢንጂነር፣ ውድ ባለቤትና እናት» ብዬ አቀርባለሁ።

ሲቪሉ፦ «የመጀመሪያዋ» የሚለውን በምን ታረጋግጣለህ? ፖሊ በ1955 ነው የተከፈተው፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከዚያ በፊት ምህንድስና ያስተምር ነበር። «ከቀደምቶቹ አንዷ» በል።

ታላቅ ልጇ፦ ከተፈቀደልኝ እማዬን ውዳሴ ይከብዳታል። ሰፈሩ የሚያውቃት በምጣድ ነው። 3,500 ዋት ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ይስባል፤ በ2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ ከሌላ ዕቃ ጋር ሲሰካ ሶኬቱ ይቀልጣል። ከቆጣሪ በቀጥታ የራሱ ባለ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ መስመር፣ ባለ 20 አምፔር ብሬከርና መሬት የገባ ሽቦ ይኑረው ትል ነበር፤ ብሬከሩ በወደቀ ቁጥር በትልቅ የሚቀይረውን ደግሞ አትምርም ነበር። ግድግዳው ላይ ይህ ቢጻፍ ልጆቹ ለቤታቸው ይወስዱታል።

ዲሲ፦ መታሰቢያ ድንጋይ ላይ የሽቦ ውፍረት?

ዓባይ ማዶ፦ ምን አለበት? ከአበባ ሥዕል ይሻላል።

ሽምብጥ፦ እኔም እደግፋለሁ። ጽሑፉ ነጭ ላይ በሰማያዊ ይሁን።

ጸሐፊ፦ አራተኛው ረቂቅ እንግዲህ፦ ጥቁር ሮቶ በ1 ሜትር መደብ ላይ፣ አረንጓዴ የቆርቆሮ ጥላ፣ 6 ቧንቧ፣ ግድግዳው ላይ የእትዬ ስምና የምጣዱ ሰሌዳ። ሣጥኑ ገንዘብ ከተረፈ። ውሃ ከመጀመሩ በፊት ሮቶው ይታጠብ፤ ለ5,000 ሊትር 65 በመቶ የሆነ የክሎሪን ዱቄት 385 ግራም በባልዲ ተበጥብጦ ይግባ፣ 24 ሰዓት ይቆይ፣ ተደፍቶ በንጹሕ ውሃ ይለቅለቅ። ቧንቧዎቹም ክሎሪኑ እስኪሸት ይከፈቱ፤ እነሱ ከተረሱ ድካሙ ከንቱ ነው።

ታላቅ ልጇ፦ ሣጥኑ ካልተሠራ ለልጅቷ ብለን ያዘጋጀነውን የእማዬን ሜገር ለማን ልስጠው?

ሒሳብ ያዥ፦ ለሮቶው ሦስት ፕሮፎርማ እፈልጋለሁ፣ ማኅተም ያለው። ለገረጋንቲውም እንዲሁ። ዲሲዎች፣ ብሩን።

ዲሲ፦ በዚህ ሳምንት።

ሲቪሉ፦ ግፊቱ ሳይለካ መደብም ቢሆን አልጀምርም። ሌላ መለኪያ ያለው ሰው አለ?