ተክሊልና ሰማንያ፦ ለጋብቻ ጥያቄ ከጎንደር የተጻፈ መልስ

የተከበራችሁ ወንድሞችና እኅቶች፤

ባለፈው ሳምንት ከመካከላችን አንዱ፣ «በምንኖርበት አገር ሁለት ወንዶች ወይም ሁለት ሴቶች በቤተ ክርስቲያን ይጋባሉ፤ ነገ የእኛንም ካህናት አጋቡ ብለው ያስገድዷቸው ይሆን?» ሲል የጠየቀውን ጎንደር ሆኜ አነበብሁት። የመጣሁት የእኅቴን ልጅ ለመዳር ነው፤ ሠርጉም ጥምቀትን ተከትሎ በተክሊል ተፈጸመ። በማግሥቱ አክስቴ ቡና እያፈሉ፣ እንግዳው ሁሉ እስኪወጣ ጠብቀው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ስዊድን አገር ወንድ ከወንድ ጋር አክሊል ይደፋል አሉ፤ እውነት ነው ልጄ?» አሉኝ። ሰው እስኪወጣ የጠበቁት ያለ ምክንያት አይደለም። እዚህ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን ወንጀል አድርጎታልና ነገሩ በአደባባይ አይነሣም። ለእርሳቸው የመለስሁትን ለእናንተም ሰፋ አድርጌ ልጻፍ።

አስቀድሜ አቋሜን ልናገር። እኔ ተክሊል የአንድ ወንድና የአንዲት ሴት ምሥጢር ነው ብዬ አምናለሁ፤ እንዲለወጥም አልሻም። የእኅቴ ልጅ ሹሩባዋ ከፍ ብሎ የተሠራ ስለነበር አክሊሉ አልቀመጥ ብሎ፣ አንድ ወጣት ዲያቆን ጸሎቱ እስኪያልቅ ከኋላዋ ቆሞ በሁለት እጁ ደግፎ ያዘላት። ቀለበቱ ተባርኮ፣ ሙሽሮቹ ቅብዐ ቅዱስ ተቀብተው፣ ቅዳሴው ተቀድሶ አብረው ሲቆርቡ ያየ ሰው፣ ይህን ሥርዓት ማንም ምክር ቤት እንዳልሰጠን፣ ማንም ምክር ቤትም እንደማይወስድብን ይረዳል።

ወደ ሕጉ ስንመጣ፣ በስዊድን የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. ከግንቦት 1 ቀን 2009 ጀምሮ ነው። የስዊድን ሉተራዊት ቤተ ክርስቲያንም በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር በራሷ ጉባኤ ወስና ማጋባት ጀመረች፤ ሆኖም ማንኛውም የሃይማኖት አገልጋይ እንቢ ቢል ሕጉ አያስገድደውም። በአሜሪካ እንዲህ ያለውን ጋብቻ የፈቀደው የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ውሳኔ እ.ኤ.አ. በ2015 ከተሰጠ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ሕግ፣ የሃይማኖት ተቋማት ለእንዲህ ያለ ጋብቻ አገልግሎት እንዲሰጡ እንደማይገደዱ በግልጽ ይናገራል። የእንግሊዝ እ.ኤ.አ. የ2013 ሕግም ማንንም የሃይማኖት ተቋም አያስገድድም። በጀርመን ደግሞ በሕግ ፊት የሚቆጠረው በመዝገብ ሹም ፊት የሚፈጸመው ጋብቻ ብቻ ነው። ስለዚህ ካህኖቻችንን የሚያስገድድ የለም፤ በዚህ በኩል ያለው ስጋት መሠረት የለውም።

እንዲያውም በሕግ ጋብቻና በቤተ ክርስቲያን ምሥጢር መካከል ያለውን ልዩነት ከእኛ ይበልጥ የሚያውቀው ያለ አይመስለኝም። አባቴና እናቴ የተጋቡት በሰማንያ ነው፤ ስድስት ልጆች ወልደው፣ ካሳደጉ በኋላ፣ በተጋቡ በ31 ዓመታቸው ቆረቡ። በዚያ ሁሉ ዘመን ባልና ሚስት አልነበሩም ያለ ጎረቤት አልነበረም፤ ቁርባናቸው ግን ከሰማንያው የተለየና የከበረ መሆኑንም ሁሉም ያውቅ ነበር። ከ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ጀምሮ የአገራችን ሕግም በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖትና በባህል የሚፈጸመውን ጋብቻ ለይቶ ያውቃል። ውልና ምሥጢር ሁለት መሆናቸውን በወላጆቻችን ቤት ያየን ሰዎች፣ የሰው አገር መንግሥት በውሉ ላይ ያደረገውን ለውጥ የምሥጢሩ መፍረስ አድርገን መቁጠራችን ይከብደኛል።

የሚያስቸግረው ሌላ ነገር ነው። እኛ የምንገለገለው ከሉተራውያን በተከራየነው ሕንፃ ነው። አንድ ቅዳሜ እዚያው ሁለት ሴቶች ተጋቡ፤ እሑድ ንጋት ስንገባ የአበባው ቅጠል ገና ወለሉ ላይ ነበር። ከምእመናኑ እኩሌታው «እንውጣ» አለ፤ እኩሌታው የምንሄድበት እንደሌለ አስታወሰ። የደብራችን አስተዳዳሪ ማንንም ሳይገሥጹ መጥረጊያ አስመጥተው፣ ጠበል ረጭተው ቅዳሴውን ጀመሩ። እንደ እኔ አስተያየት ትክክለኛው ይህ ነበር፤ የሚያስፈልገን የራሳችንን ሕንፃ ለመግዛት ገንዘብ ማዋጣት እንጂ ባለቤቶቹን በቤታቸው መርገም አይደለም።

ከዚህ ሁሉ ይበልጥ የሚያሳዝነኝ የልጆቻችን ነገር ነው። እዚያ ተወልዶ ያደገ አንድ ልጅ ለወላጆቹ ስለ ራሱ ተናግሮ በዚያው ሌሊት ከቤት መባረሩን አውቃለሁ፤ ጊዜው ክረምት ነበር። ተክሊል አለመፈጸም ሌላ፣ ልጅን በበረዶ ላይ መጣል ሌላ ነው፤ ሁለተኛውን ያዘዘ ካህን እኔ አላጋጠመኝም። እባካችሁ፣ እንዲህ ያለ ነገር በቤታችሁ ቢመጣ፣ ቢያንስ እስኪነጋ በሩን አትዝጉ፤ ከንስሐ አባታችሁም ጋር ሳትመክሩ አንዳች አታድርጉ።

ከመካከላችን ለሥራ ባልደረባው እንዲህ ያለ ሠርግ የተጠራ ወንድም አለ፤ ይሂድ አይሂድ እኔ አልወስንለትም። እኔ በማዘጋጃ ቤት ለተፈጸመው ሄጄ ስጦታ ሰጥቻለሁ፤ በቤተ ክርስቲያን ለተፈጸመው ግን ምክንያቴን በጨዋ ቃል አስረድቼ ቀርቻለሁ፤ ሙሽራውም አልተቀየመኝም።

ለአክስቴ በመጨረሻ የነገርኋቸው በምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ስላረፉ አንድ ሽማግሌ ነው። ከወዳጃቸው ጋር ለብዙ ዘመን አብረው ኖረው፣ ሕጉ ሲፈቅድ በሰባ ዓመታቸው ተጋቡ። ሲታመሙ ሐኪሞቹን የሚያነጋግር፣ ሌሊት አጠገባቸው የሚያድር እርሱ ብቻ ነበር፤ ልጅም ዘመድም አልነበራቸውም። አክስቴ ጀበናውን ወደ ከሰሉ መልሰው ጥቂት ዝም አሉ። «ታዲያ ሲሞቱ ማን ቀበራቸው?» አሉኝ። እርሱ መሆኑን ነገርኋቸው። «ነፍስ ይማር» ብለው ቶናውን ቀዱልኝ።