«መርዝ ነው» ያለው ማን ነው?

ሲስተር፦
ትናንት ከሥራ ወጥቼ ጣና ዳር ቡና ልጠጣ ተቀምጬ፣ ከጎኔ ያሉ ሰዎች «እንግሊዝ እኮ የጉርምስና ማገጃው መርፌ መርዝ መሆኑን ደርሳበት ለልጆች ከለከለች» ሲባባሉ ሰማሁ። ሰምቼ ልተወው ነበር። ግን ይህ ወሬ ምን እንዳደረገ በዓይኔ አይቻለሁ።

የስድስት ዓመት ሕፃን ናት። ጡቷ አጎጥጉጦ፣ ብብቷ ፀጉር ጀምሮ፣ እናቷ በነጠላ ሸፍና ይዛት መጣች። ያለ ዕድሜው የመጣ ጉርምስና ነው። ዝም ከተባለ የአጥንቷ ማደጊያ ቶሎ ይዘጋና አጭር ሆና ትቀራለች፤ የወር አበባዋም ገና ፊደል ሳትጨርስ ሊመጣ ይችላል። አዲስ አበባ ተመላልሰው ጉርምስናውን ለጊዜው የሚያቆመው ያ መርፌ ተጀመረላት። እናትየው የልጅቷን ቁመት በሩ መቃን ላይ በከሰል እያሰመረች ፎቶውን ትልክልኝ ነበር። ባለፈው ወር ከቀጠሮዋ ቀረች። ስደውልላት «ሲስተርዬ፣ ፈረንጆቹ ራሳቸው መርዝ ነው ብለው ጥለውታል አሉኝ፤ ልጄን በገንዘቤ አልመርዝም» አለችኝ።

እንግሊዝ መርዝ አላለችም። ዶክተር ሂላሪ ካስ የተባሉ የሕፃናት ሐኪም በ2024 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሪፖርት ያሉት፣ «የተወለድንበት ጾታ የእኛ አይደለም» ብለው ለሚጨነቁ ልጆች መርፌው እንደሚጠቅም የሚያሳየው ማስረጃ ደካማ ነው የሚል ነው። ክልከላውም ለዚያ ጉዳይ ነው። ያለ ዕድሜዋ ለጎረመሰች ሕፃን እዚያው እንግሊዝ ዛሬም ይሰጣል።

የሽምብጥ ልጅ፦
ለሕፃኗ አዝኛለሁ ሲስተር፤ በእሷ ጉዳይ ክርክር የለኝም። «ደካማ» በምትል ቃል ግን ነገሩን አታለሳልሺው። ማስረጃው ደካማ ስለሆነ ብቻ መንግሥት መድኃኒት በሕግ ያግዳል? ግንቦት 2024 ላይ በአስቸኳይ ዘጉት። ከዚያ ምርጫ ተደረገ፣ ሌላ ፓርቲ መጣ፤ እሱም ታኅሣሥ ላይ ክልከላውን ላልተወሰነ ጊዜ አራዘመው። ሁለት ተቀናቃኝ ፓርቲ የተስማማበትን ነገር «ደካማ» ብለሽ አትለፊው።

ፋርማሲው፦
ወንድሜ፣ ደካማ የተባለው ማስረጃው እንጂ ክልከላው አይደለም። የዮርክ ዩኒቨርሲቲ አጥኚዎች ለዶክተር ካስ ሪፖርት ብለው በዚህ መርፌ ላይ የተሠሩ 50 ጥናቶችን አገላብጠው፣ ጥራቱ ከፍተኛ ነው ያሉት አንዱን ብቻ ነው። ይህ «በቅጡ አናውቅም» ማለት ነው። «ይገድላል» ማለት ሌላ ነው። መርፌው ራሱ የቆየ ነው። ሊዩፕሮላይድና ትሪፕቶሬሊን የፕሮስቴት ካንሰር ላለባቸው አባቶችም ይሰጣሉ። ከአንጎል ሥር ያለችውን ፒቱታሪ የምትባል ዕጢ መጀመሪያ ይቀሰቅሳታል፣ ቆይቶ ያደነዝዛታል፤ ወደ እንቁልጢ ወይም ወደ ዘር ፍሬ ትልከው የነበረው ትእዛዝ ይቋረጣል። ያለ ዕድሜያቸው ለሚጎረምሱ ሕፃናት 11 ዓመት ግድም ሲደርሱ ይቆምና ጉርምስናው በጊዜው ይቀጥላል። የሲስተር ሕፃን የምትፈልገው ይኸንን ነው።

የሽምብጥ ልጅ፦
«በቅጡ አናውቅም» ካልክማ ጨረስን። አዲሱን የዓባይ ድልድይ ስትሻገር መሐንዲሱ ጠጋ ብሎ «ስለ ምሰሶው ያለኝ ማስረጃ ደካማ ነው» ቢልህ ልጅህን አስቀድመህ ታሻግራለህ?

ከለንደን፦
በምሳሌህ ልያዝህ። ድልድዩን ያልተሻገረ ሰው በነበረበት ዳር ይቆያል፣ ምንም አይሆንም። የ12 ዓመት ልጅ ግን በነበረበት አይቆይም። ድምፁ ይጎረንናል፣ ጢሙ ያቆጠቁጣል፤ ሴቷም እንደዚሁ። እኔ እዚህ ነርስ ነኝ። ደረቷን በፋሻ ጠፍንጋ ከማሰሯ የተነሳ ጎኗ የቆሰለ ልጅ ቁስሏን አጥቤላታለሁ። 13 ዓመቷ ነበር። ፋሻውን ስፈታው ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች፣ እስክጨርስ አላየችኝም። በክልከላው ልስማማ እችላለሁ፤ ማስረጃ በሌለበት ሕፃን መውጋት ለእኔም ይከብደኛል። በእናንተ ደስታ ግን አልስማማም።

የሽምብጥ ልጅ፦
ማን ተደሰተ? የት ላይ ነው የተደሰትኩት? እኔ የተናደድኩት በተነገረው ነገር ነው። «ጊዜ መግዣ ነው፣ ልጁ ረጋ ብሎ እንዲያስብበት ነው» ሲሉ ነበር። ያ ታቪስቶክ የሚባለው የለንደን ክሊኒክ ራሱ፣ ከ12 እስከ 15 ዓመት ያሉ 44 ልጆች ላይ ባደረገው ጥናት፣ 43ቱ መርፌው ላይ አልቆሙም፤ ወደ ተቃራኒው ጾታ ሆርሞን አለፉ። ከ44 አንድ ብቻ ነው የቀረው። ይህ የማሰቢያ ጊዜ ነው?

ፋርማሲው፦
ቁጥሩ ትክክል ነው። ትርጉሙ ግን ሁለት ነው። ወይ መርፌው ልጆቹን መንገድ አስያዛቸው፣ ወይ ከመጀመሪያው ተለይተው የተመረጡት በአቋማቸው የሚጸኑት ነበሩ። ያለ ማነጻጸሪያ ቡድን የትኛው እንደሆነ መለየት አይቻልም። ደካማ የሚባለው ይኸው ነው።

የሽምብጥ ልጅ፦
አሁንም ደካማ! አጥንትስ? የአጥንት ጥንካሬ በሚገነባበት ዕድሜ ሆርሞኑን ስታቆመው አጥንቱ ምን ይሆናል? ይህንንም ደካማ በለው።

ፋርማሲው፦
አጥንቱ ላይ ልክ ነህ። የጥንካሬው ግንባታ ከእኩዮቻቸው ወደኋላ ይቀራል፣ ክትትል ያስፈልገዋል። የተቃራኒው ጾታ ሆርሞን ከተከተለ ደግሞ የመውለድ ጉዳይም አለ። ደብቄው አላውቅም።

መምህሩ፦
ልጆች፣ ስለ አጥንት ትከራከራላችሁ፤ የነገሩ ሥር ሌላ ነው። ይህ የግብረ ሰዶም ጉዳይ ነው፤ በወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 629 የተዘጋ በር ነው። ባሕር ዳር ላይ መነሳቱም ይገርመኛል። ደግሞ «ማገጃ» ማለትስ ከየት መጣ? ማገጃ ለመንገድ ነው። ዕድገት ይዘገያል እንጂ አይታገድም። «ማዘግየያ» በሉ።

ሲስተር፦
ጋሼ፣ አክብሬዎት ነው፤ 629 የሚናገረው በተመሳሳይ ጾታ መካከል ስለሚፈጸም ግንኙነት ነው። በገዛ አካሉ ስለሚጨነቅ የ12 ዓመት ልጅ የሚለው ነገር የለም። ሁለቱን አንድ ላይ ካሰርናቸው ሕፃኗም አብራ ትታሰራለች። እናቷ ሰፈር ውስጥ «ልጅሽን ወንድ ሊያደርጓት ነው» ተብላለች። የስድስት ዓመት ልጅ! ስለ «ማዘግየያ» ግን እውነትዎን ነው፣ ለእናቲቱ እንደዚያ ብዬ ባስረዳት ይሻል ነበር።

የሽምብጥ ልጅ፦
«ማዘግየያ»ም ማለሳለሻ ነው ጋሼ። ለሕፃኗ ማዘግየያ ነው፣ እስማማለሁ። ከ44 ውስጥ ለ43ቱ ግን የዘገየ ነገር የለም፤ የራሳቸው ጉርምስና ቀርቶ ሌላ ነው የመጣው። ስለዚህ ለእነሱ ማገጃ ነው።

መምህሩ፦
አሁን ያልከው ላይ አሳመንከኝ። አንድ መድኃኒት ሁለት ስም ሊኖረው ነው።

የዘጌ ልጅ፦
እዚህ እምቦጩ ጣናን እየዋጠው፣ ወባው ሰዉን እየጣለው፣ እናንተ የእንግሊዝ ልጆች መርፌ ላይ ታድራላችሁ። ለእኛ ምናችን ነው?

ሲስተር፦
ወንድሜ፣ የጻፍኩትን አንብበው። የቀጠሮ ካርዷ እጄ ላይ ያለ ልጅ ናት። የእንግሊዝ ወሬ በሩ መቃን ላይ ያለውን የከሰል መስመር አስቁሟል፤ ለእኛ ምናችን እንደሆነ ከዚህ በላይ በምን ላስረዳህ?

ከለንደን፦
አንድ ነገር ልጨምር፣ እዚያም በጅምላ ስለሚወራ ነው። ሁሉም አገር አንድ ዓይነት ውሳኔ አልወሰነም። ፊንላንድ በ2020 ከመርፌ በፊት የሥነ ልቦና እገዛ ይቅደም አለች። ስዊድን በ2022 ለጥቂትና ለተለየ ሁኔታ ብቻ ይሁን አለች። እነዚህ የጤና ተቋማት ውሳኔዎች ናቸው፣ የሐኪሙንም በር ጨርሰው አልዘጉም። አሜሪካ ውስጥ ግን የቴነሲ ግዛት በሕግ ከለከለች፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በሰኔ 2025 በ6 ለ3 ድምፅ አጸናላት፤ የአገሪቱ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ደግሞ እንዲህ ያለውን ክልከላ ይቃወማል። ካስም ቢሆኑ «ልጆቹን ተዉአቸው» አላሉም። ሙሉ እንክብካቤ ይሰጣቸው፣ የአእምሮ ጤናቸው ይታይ፣ ጥናትም ይደረግ ነው ያሉት። እዚህ ልጆቹ ገና ለመታየት ዓመታት ይጠብቃሉ። መርፌው የቀረው ወዲያው ነው፤ እንክብካቤው ግን አልደረሰም። እኔን የሚያንገበግበኝ ይኸ ነው።

የሽምብጥ ልጅ፦
የኪራ ቤልንስ ነገር ለምን ዘለልሽው? በ16 ዓመቷ መርፌውን ጀምራ፣ ሆርሞን ወስዳ፣ ጡቷን አስወግዳ፣ ኋላ ተጸጽታ ክሊኒኩን የከሰሰችው? በ2020 ፍርድ ቤት ረታች።

ከለንደን፦
አልዘለልኩም። በ2021 ይግባኝ ሰሚው ውሳኔውን እንደሻረው አንተ ነህ የዘለልከው። የልጁን የመረዳት አቅም የሚመዝነው ሐኪም እንጂ ፍርድ ቤት አይደለም ተብሎ ነው የተሻረው። የእሷ ሕመም ግን እውነት ነው፤ ፋሻውን የፈታሁላት ልጅ ሕመምም እውነት ነው። አንዱን ይዘህ ሌላውን አትምታኝ።

የዘጌ ልጅ፦
እሺ ሲስተር፣ ሳላነብ ነው የጻፍኩት። ይቅርታ። እናትየው አሁን የት ናት?

ሲስተር፦
አገሯ ገብታለች። ሁለት ጊዜ ደወልኩ፣ ስልኳን ልጅቷ አንስታ «እማዬ ገበያ ናት» አለችኝ። ድምፅዋ ገና የሕፃን ነው። ነገ ጠዋት እንደገና እደውላለሁ። የሚቀጥለው መርፌ ከዘገየ እስካሁን የተለፋበት ይበላሻል።

የሽምብጥ ልጅ፦
የአዲስ አበባው መመላለሻ ከብዷቸው ከሆነ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ የሁለቱን ትኬት እኔ እችላለሁ። እናትየው ካልታመነችሽም ስልኬን ስጫት፤ ክልከላውን የሚደግፍ ሰው ራሱ «የልጅሽ መርፌ ሌላ ጉዳይ ነው» ቢላት ይሻላል። በ«ደካማ» ላይ ግን አልተስማማንም።

ፋርማሲው፦
አልተስማማንም። ማስረጃው ደካማ ነው ማለት ገና ይጠና ማለት ነው።

የሽምብጥ ልጅ፦
በማን ልጅ ላይ?