ከገዢው ፓርቲ ወጥቶ ተቃዋሚ የሆነን ሰው በምን እንመዝነው?

ጠያቂ፦ መምህር፣ ደብረ ማርቆስ
ሰላም ወገኖች። ሁለተኛ ደረጃ ዜግነት አስተምራለሁ። ሰኞ ስለ ፓርቲዎች ሳስረዳ የትግራይ ተቃዋሚ ፓርቲ የሆነውን አረናን በምሳሌ አነሳሁ። ህወሓት በ1993 ሲሰነጠቅ የትግራይ ክልል ፕሬዚዳንት የነበሩት አቶ ገብሩ አሥራት ከተባረሩት አንዱ ነበሩ። በኋላ ከወይዘሮ አረጋሽ አዳነና ከሌሎች ጋር አረናን መሠረቱ። ይህን እያልኩ ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ትናንት እዚያው ውስጥ የነበረ ሰው ዛሬ ተቃዋሚ ነኝ ሲል እንመነው?» ሳልመልስላት ደወሉ ተደወለ። ነገ ትጠብቀኛለች። ምን ልበላት?

መልስ፦ ከባህር ዳር
ቲቸር፣ ከህወሓት የተባረሩትን የቀድሞውን መከላከያ ሚኒስትር የስዬ አብርሃን ነገር ንገራት። በዚያው ክፍፍል ማግስት በሙስና ተከሰው ታሰሩ። ዳኛ ብርቱካን ሚደቅሳ በዋስ ለቀቋቸው፤ መንግሥት ግን ወዲያው መልሶ ያዛቸው። ከዚያ በሙስና የተጠረጠረ ሰው ዋስ እንዳያገኝ ሕግ ወጣ። ስዬ ከእስር ከወጡ በኋላ የገቡት ብርቱካን ሊቀመንበር በሆኑበት ተቃዋሚ፣ በአንድነት ፓርቲ ነው። ነፃ ዳኛ ምን እንደሚጠቅም ከእሳቸው በላይ ማን ያውቃል? እኔ እንዲህ ያለውን ሰው አምናለሁ።

መልስ፦ ከፍኖተ ሰላም
እኔ የላይኞቹን አላውቅም፤ የማውቀውን ልንገርህ። በ1989 የመሬት ሽግሽግ አባቴን «ቢሮክራት» ብለው 4 ቃዳ (አንድ ሄክታር ያህል) ብቻ ተዉለት። በደርግ ጊዜ የገበሬ ማኅበር ጸሐፊ ነበር፤ ጥፋቱ ይኸው ነው። የመሬት መለኪያው ገመድ በጓሯችን ጌሾ ላይ ሲያልፍ ቆሜ አይቻለሁ። በ1997 ምርጫ ገመዱን ከያዙት አንዱ ለተቃዋሚ ድምፅ ሊጠይቅ ቤታችን መጣ። አባቴ ጠላ አስቀዳለትና «ያን ቀን ገመዱን ማን ነበር የያዘው?» አለው። ሰውዬው ብርጭቆውን መሬት አስቀመጠ። ቆይቶ «እኔ ነኝ ጋሼ። ጥፋት ነበር» አለ። አባቴ መረጠው። መሬቱ አልተመለሰም።

መልስ፦ ከቡሬ
የሰውዬው ነገር ልቤን ነክቶኛል። ግን መጸጸት ብቻውን ፓርቲ አያቆምም። የደቡብ አፍሪካውን ኮፕ የተባለ ፓርቲ እዩ። ፕሬዚዳንት ታቦ ምቤኪ ከሥልጣን በወረዱበት ዓመት ከገዢው ፓርቲ ከኤኤንሲ የወጡ ሰዎች ያቋቋሙት ነው። እንደ ፈረንጆቹ በ2009 ምርጫ 30 መቀመጫ አገኘ፤ በ2014 ሦስት ብቻ ቀረው። መሪዎቹ ሌኮታና ሺሎዋ በመሪነት ተጣልተው ፍርድ ቤት ተካሰሱ። የሸሹትን ጠባይ ይዘውት ወጡ።

ጠያቂው
እግዜር ይስጥልኝ። ነገ የገመዱን ታሪክ እነግራታለሁ። እህቴ፣ አባትሽ ሌላ ነገር አልጠየቁትም?

ከፍኖተ ሰላም
ጠይቆታል። «የሌሎቹም ቤት ሂድና እንዲሁ በል» አለው። ስንቱ ጋ እንደሄደ አላውቅም። ጎረቤታችን ጋ ግን ሲገባ አይቼዋለሁ።